ወታደርና አለቃው፤ ከመቅደላ ደብዳቤ የተነሣ ነገር



በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን፣ ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ አጠገብ ሆነው ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር አንድ ደብዳቤ አጻፉ። በዋዜማው፣ በስቅለት ዓርብ፣ ሠራዊታቸው በአሮጌ ሜዳ ላይ ተሸንፎ ነበረ። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወድቀዋል። ደብዳቤው የተሸናፊ ንጉሥ ደብዳቤ ነው፤ ነገር ግን ልመና የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱ ይወደኝ የነበረ ሰው በአንዲት ጥይት ደንግጦ ትእዛዜን ትቶ ሸሸ ይላሉ፤ የመድፎቻቸውንም ከንቱ መሆን ይጠቅሳሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አንባቢን የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው። ያገራቸው ሰው የተጣላቸው ግብር ገብር፣ ሥርዓት ግባ ስላሉት መሆኑን ገልጸው፣ ጠላታቸው ያሸነፋቸው ግን ሥርዓት በገባ ሰው እንደ ሆነ ይናገራሉ።

ስለዚህ «ሥርዓት» ስለሚባለው ቃል ዛሬ ጥቂት ልንነጋገር አሰብሁ። ይኸውም ወታደር ስለ ሥራው ለማን መልስ ይሰጣል፣ አለቃውስ ስለ ወታደሩ ለማን መልስ ይሰጣል፣ ከጥፋትና ከቅጣት መካከልስ ምን ይገኛል የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የጦር ሰፈር ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይዘን የምንውል ሰዎችም በየማኅደራችን ውስጥ የምናገኘው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አገሩን ላሳያችሁ። ከደሴ ወደ ምዕራብ የተነሣ ሰው በለጋምቦ ደጋ፣ በአቀስታ በኩል አልፎ ወደ ቦረና ይወርዳል፤ የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ናት። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዐባይ ይቆለቆላል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በሰሜን ዐማራ ሳይንት አለ። ከሳይንት ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ተንታና መቅደላ ይገኛሉ፤ ከዚያም በኋላ የበሽሎ ገደል አገሩን ከደላንታና ከዋድላ ይለያል። እንግዲህ ይህ አገር ሁለት ታላላቅ ወንዞች እንደ ግንብ ያጠሩት፣ ገብስና በግ የሞላበት ደጋ ነው። ወንዝ ያጠረው አገር ጦር አይደርስበትም የሚል ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ከጎጃም ወደ ወሎ፣ ከሸዋ ወደ በጌምድር የሚሄድ ሠራዊት ከዚህ ደጋ ዳር ዳሩን ሳይነካ ያለፈበት ዘመን ጥቂት ነው። የከተማይቱ ስም በግእዝ «የሰላም ስፍራ» ማለት ነውና፣ ስሙን ያወጣው ሰው ምኞቱን ተናግሯል።

በዱሮው ዘመን አንድ ወታደር የሥራውን መልስ የሚሰጠው በፉከራ ነበረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በጌታው ድንኳን ፊት ቀርቦ፣ የጌታውን የፈረስ ስም ጠርቶ፣ የራሱንና ያባቱን ስም አስከትሎ፣ ግዳዩን ጥሎ፣ እገሌን በእገሌ ወንዝ ገደልሁ እያለ ያቅራራል። ውሸት ቢናገር ባልንጀሮቹ በዙሪያው ቆመው ይሰማሉ፤ ምስክሮቹ እነሱው ናቸው። ጌታው እንደ ሥራው መጠን ጋሻ ወይም ጎራዴ ይሸልመዋል፤ ለምድ ያለብሰዋል፤ በቅሎ ይሰጠዋል። ፈርቶ የሸሸውም በዚያው አደባባይ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል፤ ሳይጠሩ መቅረትም ቅጣት ነበረ። ይህ እንግዲህ በኛ ቋንቋ የዓመት የሥራ ሪፖርት ማለት ነው፤ ከብዙ ሪፖርትም ይልቅ እውነት የነበረበት ይመስለኛል፤ በሰው ሁሉ ፊት የሚነገር ነበርና።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ፉከራው የሚቆጥረው የገደሉትን ብቻ ነው። ወደ ጦርነቱ በሚሄዱበትና በሚመለሱበት መንገድ የማንን ጎተራ እንደ ከፈቱ፣ የማንን በሬ እንዳረዱ ማንም ለጌታው አያቅራራም። ጌታውም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ቀለቡን ራሱ መስጠት ሊኖርበት ነው። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም። ሠራዊቱ በሰፈረበት አገር በባላገሩ ቤት እየተመራ ይገባል፤ ባላገሩ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ሴቲቱ ገብሱን ትፈጭለታለች፣ ማርም ካለ ጠጁ ይጣልለታል። ወታደሩ አንድ ብቻ ነው እንዳትሉ፤ አሽከር አለው፣ ጋሻ ጃግሬ አለው፣ በቅሎ አለችው። ክረምቱን እዚያው ሲከርም ባላገሩ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። የዚህ ወታደር በደል ለማን ይከሰሳል? ለጌታው እንዳይባል ጌታው ራሱ በሌላው ባላገር ቤት ገብቷል። ወንጌልን የምታነቡ ሰዎች፣ ወታደሮች መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ መጥምቁ ዮሐንስ ሰውን አትንጠቁ ብሎ ወዲያው ስለ ደመወዝ እንደ ተናገራቸው ታስታውሳላችሁ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደመወዝ የሌለውን ወታደር አትንጠቅ ማለት ጦምህን እደር ከማለት አይለይም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ለመለወጥ ከተነሡባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበረ። ገበሬውም ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደየሥራው እንዲመለስ አወጁ። ወታደሩም በባላገሩ ጫንቃ ላይ መኖሩ ቀርቶ ከመንግሥት ደመወዝና ቀለብ እየተቀበለ እንዲያገለግል አሰቡ። ሠራዊቱን በቁጥር ከፍለው አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ እያሉ ሹመት አቆሙ። እነዚህ ስሞች ዛሬም በጦር ሠራዊታችን ውስጥ የምንሰማቸው ናቸው። አሥር አለቃ የሚለውን ስም አጥብቀን ብንመለከተው ትልቅ ሐሳብ እናገኝበታለን። ዐሥር ሰው ማለት አንድ ሰው በስም፣ በአገር፣ በጠባይ ለይቶ ሊያውቀው የሚችለው ቁጥር ነው። ማን ታመመ፣ ማን ሚስቱን ናፈቀ፣ ማን ጠመንጃውን ሳይወለውል አደረ፣ ማን ትናንት ማታ ከባላገሩ ቤት ዶሮ ይዞ መጣ፤ ይህን ሁሉ ሻለቃ አያውቅም፤ አሥር አለቃ ግን ያውቃል።

በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን በ1847 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት ላይ ስለ አዲሱ ንጉሥ አንድ ነገር አስተውሎ ጽፏል። የየአውራጃውን ወታደር ከባላባቱ እጅ አውጥተው ለራሳቸው ታማኞች አስረከቡ፤ ለነዚህም ታማኞች ከፍ ያለ ማዕርግ ሰጧቸው፤ ነገር ግን የመፍረድና የመቅጣት ሥልጣን አልሰጧቸውም፤ በዚህም በባላባት ፈንታ የጦር መሪ ፈጠሩ ይላል። ፕላውደን ይህን የጻፈው እያደነቀ ነው። የሚደነቅም ነው፤ ባላባቱ በወታደሩ ላይ ንጉሥ ሆኖ ይኖር ስለነበረ፣ ያን ሥልጣን ካልነጠቁት አንድ መንግሥት አይቆምም።

እኔ ግን ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የኋለኛው ዘመን ጥላ በውስጡ ይታየኛል። መሰላሉ ቆመ፤ በየደረጃው ላይ ግን ሥልጣን የለም። ማዕርግ ያለው ሰው ሁሉ ያዝዛል፤ የሚጠይቀውና የሚፈርደው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥፋቱ ትንሽም ሆነ ትልቅ ወደ ንጉሡ ድንኳን ይወጣል፤ ከዚያም የሚመለሰው ወይ ምሕረት ወይ ሞት ነው። በመካከሉ ምክር የሚባለው ነገር ቦታ አጣ። ንጉሥ ደግሞ ምንም ብሩህ ቢሆን ለስድሳ ሺ ሰው አሥር አለቃ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ነገር አንድ የራሴን ትዝታ ጣል ላድርግ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድ አለቃ ነበረኝ። ሰላምታው መልካም ነው፣ ፈገግታው አይለየውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዬ አንድም ቃል አልነገረኝም። በሦስተኛው ዓመት ማኅደሬን በሌላ ምክንያት ሳይ በእጁ ጽሕፈት ሰባት ማስታወሻ አገኘሁ፤ በዚህ ቀን ዘገየ፣ በዚህ ቀን ደብዳቤ አሳሳተ እያለ። ሰባቱም እውነት ነበሩ። አንዱን እንኳ በጊዜው ቢነግረኝ ሁለተኛው ባልተጻፈ ነበረ። ቅጣቱ ከደመወዜ ላይ ወረደ፤ ጥፋቱም ምን እንደ ሆነ የገባኝ ከቅጣቱ በኋላ ነው። ወደ ታሪካችን እንመለስ።

የደመወዙ ሐሳብ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡም ከመሬት ይመጣል። ብዙው መሬት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለየደብሩ የሚበቃውን ካህን ያህል ብቻ አስቀርተው የተረፈው መሬት ግብር ለሚገብር ሰው እንዲሰጥ ባሰቡ ጊዜ ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ። ነገሩ ከ1840ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲጋጋል ቆይቶ በ1850ዎቹ ዓመታት ፈጽሞ ተበላሸ። አቡኑም በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው ዐረፉ። ደመወዙ እንዲህ ቀረ። ደመወዝ በቀረ ጊዜ ወታደሩ ተመልሶ ወደ ባላገሩ ቤት ገባ፤ አሥር አለቃውም ከዐሥሩ ጋር አብሮ ገባ።

ይህ ሁሉ ከማንም ይልቅ የጎዳው ደግሞ ዛሬ የምንነጋገርበትን አገር ነው። ወሎ በ1848 ዓ.ም. መባቻ መቅደላ ከተያዘች ጀምሮ ፈጽሞ አልተረጋጋም፤ ዘመቻው በየጊዜው ይደጋገም ነበረ። ዘመቻ በተደጋገመ ቁጥር ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት ባላገር ልጁን ወደ ዐመፀኛው ይልካል፤ ዐመፀኛው በበዛ ቁጥር ሌላ ዘመቻ ይታወጃል። ይህን የመሰለ አዙሪት የገባ ሠራዊት ጠላቱን ራሱ እየዘራ ራሱ ያጭዳል። መቅደላም በዚህ መካከል ምሽግም፣ ግምጃ ቤትም፣ ወኅኒም ሆነች። በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ልጅ ምኒልክ ዐሥር ዓመት ያህል ከኖሩበት ከዚያ አምባ አምልጠው ወደ ወሎዪቱ እመቤት ወደ ወርቂት ዘንድ ደረሱ። የወርቂት ልጅ አመዴ ግን በመቅደላ መያዣ ሆኖ ነበረ። እናቲቱ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ እንዳለ እያወቀች ምኒልክን አሳልፋ አልሰጠችም። የንጉሠ ነገሥቱ የቁጣ በትር ያረፈው በመያዣዎቹ ላይ ሆነ፤ አመዴም ከሌሎች የወሎ ሰዎች ጋር ተገደለ። ጥፋተኛው ሲጠፋ በእጅ ያለው ሰው የሚቀጣበት ሥርዓት ሥርዓትነቱ እንዳለቀ ከዚህ የበለጠ ምልክት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወታደሩ መክዳት ጀመረ። ሌሊት በሃምሳም በመቶም እየሆነ ይጠፋ ነበረ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ግምት ስድሳ ሺ ይደርስ የነበረው ሠራዊት በ1859 ዓ.ም. ወደ ዐሥር ሺ ወርዷል፤ ከዚያም አንሷል። ንጉሠ ነገሥቱ ይከዳል ተብሎ የተጠረጠረውን ሁሉ ይቀጡ ጀመር፤ ቅጣቱም ከወታደሩ አልፎ ወደ ቤተ ሰቡ ደረሰ። ጎንደር በዚያው ዓመት ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወታደር ባላገሩን አይዝረፍ ብለው የተነሡት ንጉሥ የገዛ ወታደራቸውን በዝርፊያ ለመቀለብ በቁ። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው ይህን ምዕራፍ ዘሎ ማለፍ ይፈልጋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ዘልዬዋለሁ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ የሆነው ግን የተለየ ነው። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ያን በመንኰራኵር ላይ ጭኖ በዋድላና በደላንታ ደጋ፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል ማሳለፍ ነበረባቸው። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ዐለቱ ይፈለጣል፣ ገደሉ ይሞላል፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን በጠፍር ይጎትታል፤ ቍልቍለት ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ ይዞ ያዘግመዋል። የአውሮጳ እስረኞችና ሠራተኞች የጻፉትን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ፣ መንገዱን በገዛ እጃቸው ይቆፍሩ ነበረ። ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መድፉ በመጋቢት ከመቅደላ ደረሰ። በዚያ ጉዞ ላይ የቀረው ጥቂት ሺ ሰው ለምን አልከዳም? ለብዙው መሄጃ ስላልነበረው ነው የሚል አለ፤ እውነት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ገደል ላይ ሥራው ለሁሉም ይታይ ነበረ፤ አለቃው ከወታደሩ አጠገብ ቆሞ ያንኑ ድንጋይ ይሸከም ነበረ፤ የላላውን ገመድ ለማጥበቅ ዳኛና ችሎት አያስፈልግም፤ «ያዝ!» የሚል አንድ ቃል በጊዜው ይበቃል። ያን ስድስት ወር ሳስብ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሥርዓት ሲሉ የፈለጉት ነገር በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በዓይናቸው ፊት የታያቸው በዚያ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

የመጨረሻዎቹን ቀኖች ሁላችሁም ስለምታውቋቸው በአጭሩ ልለፍ። በጸሎተ ኀሙስ ዕለት በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በእስላምጌ ገደል ተጣሉ። በማግስቱ በአሮጌ 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞች ወገን የሞተው 2 ብቻ ነው። ሴባስቶፖል ያን ያህል ተደክሞበት ምንም አልጠቀመም። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮቻቸውን ሰብስበው፣ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ራሱን ያድን ብለው አሰናበቱ። ብዙው ሄደ፤ ጥቂቱ ቀረ። ይህን ስንብት የመሸነፍ ምልክት ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን አንድ አለቃ ለወታደሩ መልስ የሰጠበት ሰዓት አድርጌ አየዋለሁ። ከአራት ቀን በፊት ሰውን ያለ ጥያቄ ወደ ገደል የወረወረ እጅ አሁን ሰውን አስቀድሞ ጠየቀ። ዘገየ፤ ግን ጠየቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን ያ «ሥርዓት የገባ» የተባለው ሠራዊት ምን እንዳደረገ እንመልከት። የናፒየር ጦር 13 ሺ ያህል ወታደር ነበረው። ከዙላ ወደብ ጀምሮ እስከ በሽሎ ድረስ ለገብሱም፣ ለሣሩም፣ ለበሬውም በማሪያ ቴሬዛ ብር ዋጋ እየከፈለ መጣ። ባላገሩ ይህን ባየ ጊዜ ተደነቀ፤ ገዝቶ የሚበላ ጦር አይቶ አያውቅምና። ወታደሩ ደመወዝተኛ ነው፣ ቀለቡ ይሰፈርለታል፣ ስለዚህ ስለ ጥፋቱ ሊጠየቅ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ቴዎድሮስ ያሉት ልክ ነው። አምባው በተያዘ ሰዓት ግን ይኸው ሠራዊት በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና በግምጃ ቤቱ ላይ ተሠማራ። መጽሐፉ፣ ጽዋው፣ ዘውዱ፣ ልብሱ ሁሉ ተወሰደ። ዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ተሻገረ፤ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀንም በሐራጅ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሰው ዋናው ገዢ ነበረ። ከሽያጩ የተገኘው 5 ሺ ፓውንድ ያህል ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ 4 ብር ያህል ደረሰው ይባላል።

አድማጮች፤ ይህ ሐራጅ ለእኔ ከዘረፋው ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ዕቃው በመዝገብ ተይዟል፤ ዋጋው ተጽፏል፤ ድርሻው ተመድቧል። ሥርዓቱ ከአሥር አለቃው እስከ ጄኔራሉ ድረስ የተሟላ ነው። የጎደለው ጄኔራሉን የሚጠይቅ ሰው ነበረ። በኋላ በ1863 ዓ.ም. በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ስለዚህ ዕቃ መወሰድ በግልጽ አዝኖ ተናግሯል፤ ዕቃው ግን አልተመለሰም፤ ብዙው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

በምኒልክ ዘመን ነገሩ በሌላ መንገድ ተሞከረ። ከክፉ ቀን በኋላ፣ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፣ ባላገሩ ከእህሉ ዐሥራት እንዲከፍልና ወታደሩ ከዚያ ቀለብ እየተሰፈረለት በባላገሩ ቤት እንዳይገባ ታወጀ። ዐዋጁ በሁሉ አገር እኩል ሠርቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጎተራው የመንግሥት ሲሆን ወታደሩም የመንግሥት ይሆናል የሚለው የቴዎድሮስ ሐሳብ እዚህ እንደ ገና ብቅ አለ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የሸዋ ሰው እንዲገናኝ የታዘዘው በወረ ኢሉ ነው፤ ወረ ኢሉም ከመካነ ሰላም በስተ ምሥራቅ በዚሁ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። የወሎውም ጦር በራስ ሚካኤል መሪነት ዐድዋ ዘመተ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወታደር እንደ አንበጣ የሰፈረበት አገር ልጅ አሁን ራሱ ወታደር ሆኖ፣ አሥር አለቃና ሃምሳ አለቃ እየተባለ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ እንለፈው። በጥር 1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት በስዊድን መኰንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወታደርን ጥፋት ከሌላው ወንጀል ለይቶ በራሱ ክፍል ጻፈ፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ክፍል ይዟል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ ተዋግቷል። አሜሪካኖች በኋለኛው ዘመን ለዚህ ጉዳይ አንድ ቅጽ አውጥተዋል፤ ቁጥሩ 4856 ነው። አለቃው ወታደሩን ለብቻው ይጠራዋል፤ ያየውን ነገር ከነቀኑ ይነግረዋል፤ ወታደሩ የሚለውን ይሰማል፤ ምን እንደሚታረም፣ እስከ መቼ እንደሚታረም ሁለቱ ይስማማሉ፤ ይፈርማሉም። በቀጠሮውም ቀን አለቃው ራሱ የገባውን ቃል ማድረጉ በዚያው ወረቀት ላይ ይታያል። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ሳያነጋግሩ ቅጽ የሚሞሉ አለቆች በየትም አገር አይጠፉም። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርደውን ጥያቄ ወደ ላይም ለማውጣት የታሰበ መሆኑ ግን መልካም ነው።

ያ ወደ ላይ የሚወጣው ጥያቄ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከወሎው ቦረና ወጥተን በደቡብ ወዳለው ወደ ሌላው ቦረና እንሂድ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሚገኙ ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ የመኰንኖቻቸውን ጉድጓድ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ፤ ምግባቸውም የማይበላ ሆነ። አቤት ቢሉ የሚሰማ አጡ። አሥር አለቃው ችግሩን ያውቃል፤ አብሮ ይጠማልና። ቃሉን የሚሰማ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ መኰንኖቹን አሰሩ፤ ነገሩን ሊመረምር ከአዲስ አበባ የተላከውንም ጄኔራል ያንኑ ምግብ አበሉት፣ ያንኑ ውኃ አጠጡት። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የሆነውን ሁሉ ታውቃላችሁ። አንዲት የውኃ መሳቢያ ነበረች፤ ጠጋኝ ቢላክላት በአንድ ቀን ታልቅ ነበረ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለች። እንግሊዞች ሌላውን ሁሉ ሲጭኑ እሷን ለመውሰድ አቅም አላገኙም። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመችው አምሳያዋ ናት። ያችን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ በሽሎ የጎተቱት ሰዎች ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ የእያንዳንዳቸውን ስም ያውቅ የነበረው ከዐሥሩ ጋር ጠፍሩን ይዞ የሄደው አሥር አለቃ ነበረ።